ለነጋሪው ማን ነገረው?

ስለ ዜና ምንጭና ስለ ጋዜጠኛ ነፃነት



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ በመስጊድ ደጃፍም ሆነ በሻይ ቤት ስለ ምዕራባውያን የዜና አውታሮች ከተነሣ ሁላችንም የምንስማማበት አንድ ነገር አለ። ስለ ሙስሊሙ የሚያወሩት ሚዛኑን የሳተ ነው እንላለን። አባባላችን መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ «ለምን ያዳላሉ?» ተብለን ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ስለሚጠሉን ነው» የሚል ብቻ ነው። ይህ መልስ ንዴትን ያበርድ ይሆናል እንጂ ዕውቀት አይጨምርም።

በጥላቻ የሚጽፉ ሰዎች መኖራቸው አይካድም። ነገር ግን ወደኋላ ተመልሰን ብንመረምር በዘመናችን ሙስሊሙን ሕዝብ ክፉኛ የጎዱት የሐሰት ዜናዎች ሁሉ ከጥላቻ የመነጩ ሆነው አናገኛቸውም። ብዙዎቹ የወጡት ሥራቸውን በአግባቡ የሠሩ ከሚመስላቸው፣ በሙያቸው ከተከበሩና ከተሸለሙ ጋዜጠኞች እጅ ነው። ታዲያ ሳይጠላ የሚያጠፋ ጋዜጠኛ እንዴት ሊኖር ቻለ? የዛሬው ትምህርታችን በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ጥያቄውን ለመመለስ ከራሳችን ዲን የተሻለ መነሻ የለንም።

ወሬን የማጣራት ግዴታ

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 6ኛው አንቀጽ ምእመናንን ያዛል። ነገረኛ ሰው ወሬ ይዞ በመጣ ጊዜ እንዲያጣሩ፣ ካላጣሩ ግን ባለማወቅ ሰዎችን ጎድተው ኋላ በሥራቸው እንደሚጸጸቱ ያስጠነቅቃቸዋል። ትእዛዙ ምክንያቱ ጭምር የተገለጸበት መሆኑን እናስተውል። ወሬ ሳይጣራ ሲቀር ተጎጂው ሕዝብ ነው።

የተፍሲር ዓሊሞች ለአንቀጹ መውረድ ምክንያት አድርገው የሚያወሱት ታሪክ የታወቀ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አል‑ወሊድ ኢብን ዑቅባን ዘካ እንዲሰበስብ ወደ በኑ ሙስጠሊቅ ጎሣ ላኩት። እርሱ ግን ከመንገድ ተመልሶ «ዘካውን ከለከሉኝ፣ ሊገድሉኝም ፈለጉ» ሲል ተናገረ። ወሬው ቢታመን ኖሮ በሙስሊሞች ላይ ጦር ሊዘምት ይችል ነበር። ሲጣራ ግን ሰዎቹ ዘካቸውን አዘጋጅተው መልእክተኛውን በመጠበቅ ላይ ነበሩ። እንግዲህ በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ በተመሠረተ ወሬ ጦርነት ሊነሣ መቃረቡን ቁርኣን ያስተማረን ከ1400 ዓመታት በፊት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ትእዛዝ ሙሉ ሳይንስ አደረጉት። ታቢዒዩ ሙሐመድ ኢብን ሲሪን እንዳወሱት ቀደም ሲል ሰዎች ስለ ሰነድ አይጠይቁም ነበር። ፊትና ከተከሰተ በኋላ ግን የተራኪዎቹን ስም ማስጠራት ጀመሩ። ስሙ ያልተጠቀሰ ተራኪ «ሙብሀም» ተባለ፤ ማንነቱ የማይታወቀው ደግሞ «መጅሁል» ተባለ። በእርግጥ ያልሰማውን ከምንጩ የሰማ አስመስሎ የሚያቀርብ ሰው «ተድሊስ» ፈጸመ ተባለ። የሊቃውንቱ ጥያቄ ወሬው ደስ ይላል ወይስ አይልም የሚል አልነበረም። ለነጋሪው ማን ነገረው? የነገረውስ ምን ጥቅም አለው? የሚል ነበር። ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ዘመናችን ዜናዎች እንሂድ።

ኦክላሆማ፣ 1995

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1995 በአሜሪካ ኦክላሆማ ከተማ አንድ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በቦምብ ፈርሶ 168 ሰዎች ሞቱ። ከመካከላቸው 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። አቧራው ሳይረጋ በቴሌቪዥን የቀረቡ «የሽብር ጉዳይ ባለሙያዎች» የድርጊቱ አኳኋን የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎችን ያስጠረጥራል ማለት ጀመሩ። ወደ ዮርዳኖስ በመጓዝ ላይ የነበረ አንድ የከተማዋ ነዋሪ ለንደን ላይ ተይዞ ለምርመራ ወደ አሜሪካ ተመለሰ። ሰውየው ከጉዳዩ ጋር አንዳች ግንኙነት አልነበረውም።

ቦምቡን ያፈነዳው ቲሞቲ ማክቬይ የተባለ፣ በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተዋጋ የቀድሞ አሜሪካዊ ወታደር ነበር። ፍንዳታው ከደረሰ ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ አንድ የትራፊክ ፖሊስ መኪናው ታርጋ የለውም ብሎ አስቁሞት በቁጥጥር ሥር ውሎ ነበር። ጣቢያዎቹ ስለ መካከለኛው ምሥራቅ ሲተነትኑ ጥፋተኛው በአንድ የገጠር እስር ቤት ተቀምጧል ማለት ነው። በዚህ ወቅት የዜና ሰዎች የነበራቸው መረጃ ሳይሆን ግምት ነበር። ግምቱን የተናገሩት ሰዎች ከቦታው የመጣ ማስረጃ በእጃቸው አልነበረም። ነገር ግን «ባለሙያ» የሚል ማዕረግ ስለነበራቸው ማንም ሰነዳቸውን አልጠየቀም።

ዞሮ የሚመለስ ዜና

በኦክላሆማ ስሕተቱ በቀናት ውስጥ ታረመ። ከሰባት ዓመታት በኋላ ግን ሳይታረም ጦርነት አስከተለ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 2002 እሑድ ጠዋት ኒውዮርክ ታይምስ በፊት ገጹ አንድ ዜና አወጣ። ኢራቅ በሺሕ የሚቆጠሩ የአሉሚኒየም ቱቦዎችን ለመግዛት ሞክራለች፣ ቱቦዎቹም ለኑክሌር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም ለማበልጸግ የታሰቡ ናቸው ይላል። ከጸሐፊዎቹ አንዷ ጁዲት ሚለር ስትሆን፣ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ካገኘው የጋዜጣው ቡድን ውስጥ ነበረች። የዜናው ምንጮች ስማቸው ያልተጠቀሰ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ነበሩ።

በዚያው ዕለት ጠዋት ምክትል ፕሬዚዳንት ዲክ ቼኒ በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ቀርበው ስለ ቱቦዎቹ ሲናገሩ ኒውዮርክ ታይምስን ጠቀሱ። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪዋ ኮንዶሊዛ ራይስም በሲኤንኤን ስለ አቶሚክ ቦምብ ደመና አስፈራሩ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሰንሰለቱን ተመልከት። ባለሥልጣን ለጋዜጣ በድብቅ ነገረ፤ ጋዜጣው «ባለሥልጣናት እንደገለጹት» ብሎ ጻፈ፤ ባለሥልጣን ደግሞ ተመልሶ «ጋዜጣው እንደዘገበው» አለ። ለሕዝቡ ሁለት ምስክር የቀረበ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ምስክሩ አንድ ነው፤ እርሱም ከሳሹ ራሱ ነው። ለሐዲስ ሊቅ ብታቀርበው እንዲህ ያለውን ሰነድ ከመጀመሪያው ይጥለዋል።

ስለ ቱቦዎቹ የሚያውቁ ሰዎች አልነበሩም እንዳይባል፣ በአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ያሉ የዘርፉ ጠበብት ቱቦዎቹ ለተባለው ሥራ እንደማይመቹ አስቀድመው ገልጸው ነበር። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ኃላፊ ሙሐመድ አልበራደዒም ቱቦዎቹ ለተራ ሮኬት መሥሪያ የሚሆኑ እንደሚመስሉ ለተባበሩት መንግሥታት የፀጥታ ምክር ቤት አስረድተዋል። ጦርነቱ ግን በመጋቢት 2003 ተጀመረ። በ2004 አሜሪካ ራሷ ያሰማራችው የመርማሪዎች ቡድን የተከማቸ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አለመኖሩን አረጋገጠ። እስከዚያውና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዓመታት ከመቶ ሺሕ በላይ ሰላማዊ ኢራቃውያን አልቀዋል።

ኒውዮርክ ታይምስ ስለዚህ ዘገባው ለአንባቢ ማብራሪያ የሰጠው ግንቦት 26 ቀን 2004 ነው። አንዳንድ ዘገባዎቹ የሳዳም መንግሥት እንዲወድቅ በሚፈልጉ ስደተኛ ኢራቃውያን ቃል ላይ የተመሠረቱ እንደነበሩ፣ አስፈሪው ወሬ ጎልቶ ሲወጣ የሚያጠራጥረው መረጃ ወደ ውስጥ ገጽ እንደተጣለ አመነ። ቱቦዎቹ በፊት ገጽ ወጥተው ነበር፤ ማብራሪያው ግን የወጣው በ10ኛው ገጽ ነው።

ጋዜጠኛውን ያሰረው ምንድን ነው?

እነዚህ ጋዜጠኞች ሽጉጥ ተደግኖባቸው አልጻፉም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥትም ሳንሱርን ይከለክላል። ታዲያ ምን አሰራቸው? ቢያንስ አራት ማሰሪያዎችን መለየት እንችላለን።

አንደኛው ምንጭ ነው። በዋሽንግተን የሚሠራ ሪፖርተር ትልቁ ሀብቱ ስልኩን የሚያነሡለት ባለሥልጣናት ናቸው። የነገሩትን ቢያጣጥል በማግስቱ ስልኩ አይነሣም፤ ዜናው ለተፎካካሪው ይሰጣል። ስለዚህ ማንም ሳያዝዘው አንደበቱን ይሰበስባል።

ሁለተኛው ባለቤትና ገበያ ነው። ኤምኤስኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ በየካቲት 2003፣ ጦርነቱ ሊጀመር ሳምንታት ሲቀሩት፣ የፊል ዶናሁን ፕሮግራም አጠፈ። ዶናሁ ጦርነቱን የሚቃወሙ እንግዶችን የሚጋብዝ ሰው ነበር። በኋላ ይፋ የወጣ የድርጅቱ የውስጥ ጽሑፍ በጦርነት ጊዜ ሰውየው ለጣቢያው አስቸጋሪ ገጽታ እንደሚሆን ይገልጽ ነበር። ከጣቢያው ባለቤቶች አንዱ የነበረው ጄኔራል ኤሌክትሪክ የጦር አውሮፕላን ሞተር አምራችም እንደነበረ ልብ ይሏል።

ሦስተኛው ቅርርብ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ከ600 በላይ ጋዜጠኞች የውል ደንብ ፈርመው ከአሜሪካና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዘመቱ። ከወታደሩ ጋር በሉ፣ ከወታደሩ ጋር ተኙ፣ ሕይወታቸውንም የሚጠብቀው ወታደሩ ነበር። የበላበትን ወጪት ሰባሪ መባልን የማይፈራ ስንት ሰው አለ? ከዚህ ሥርዓት ውጭ ሆነው ከባግዳድ ይዘግቡ የነበሩት ደግሞ ዋጋ ከፍለዋል። ሚያዝያ 8 ቀን 2003 የአልጀዚራ የባግዳድ ቢሮ በአሜሪካ ሚሳይል ተመትቶ ዘጋቢው ጣሪቅ አዩብ ተገደለ። ጣቢያው የቢሮውን አድራሻ ለአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ አሳውቆ ነበር።

አራተኛው የአዘጋጁ ጠረጴዛ ነው። የዋሽንግተን ፖስት አንጋፋ ሪፖርተር ዋልተር ፒንከስ ወረራው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት መንግሥት በእጁ የተጨበጠ ማስረጃ እንደሌለው የሚያመለክት ዘገባ ጽፎ ነበር። ዘገባው አልታፈነም፤ ታትሟል። ነገር ግን የታተመው በ17ኛው ገጽ ነው። አድልዎ ሁልጊዜ ውሸት መጻፍ ማለት አይደለም። እውነቱን ማንም በማያይበት ቦታ ማስቀመጥም አድልዎ ነው።

ታስረው ያልታሰሩት

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እንግዲያው ሁሉም አንድ ናቸው» ሊል ይችላል። አይደሉም። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወቅት፣ ናይት ሪደር ለተባለ የጋዜጦች ኩባንያ የሚሠሩ ጆናታን ላንዴይና ዋረን ስትሮበል የተባሉ ሪፖርተሮች ነበሩ። የታይምስ የቱቦ ዜና ከመውጣቱ ከሁለት ቀናት በፊት ስለ ኢራቅ መሣሪያ ጠንካራ ማስረጃ አለመኖሩ አንዳንድ የአሜሪካ ባለሥልጣናትን እንዳሳሰበ ጽፈዋል። ቀጥለውም በርካታ ተመሳሳይ ዘገባዎችን አወጡ።

እነዚህ ሰዎች የተለየ ምሥጢር አልነበራቸውም። ልዩነቱ የጠየቁት ሰው ላይ ነው። ከሚኒስትሮችና ከቃል አቀባዮች ይልቅ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ማስረጃውን በእጃቸው የሚመረምሩትን ዝቅተኛና መካከለኛ ሠራተኞች ጠየቁ። ኩባንያቸው በዋሽንግተንና በኒውዮርክ ጋዜጣ ስላልነበረው ትልልቆቹ ባለሥልጣናት አይፈልጓቸውም ነበር፤ ይህም ከመጀመሪያው ማሰሪያ ነፃ አወጣቸው። አለቃቸው ጆን ዋልኮትም ከኋላቸው ቆመ። እንዲያም ሆኖ ከኩባንያው ከራሱ ጋዜጦች አንዳንዶቹ ዘገባቸውን ሳያትሙ ቀርተዋል።

ሁለቱ ሪፖርተሮች ለሙስሊሙ ሊሟገቱ አልተነሡም፤ ሥራቸውን ብቻ ሠሩ። ከዚህ የምንማረው ፍትሕ የሚገኘው ከወገንተኝነት ሳይሆን ከማጣራት መሆኑን ነው። «ሁሉም ይጠሉናል» የሚለው ንግግር እንዲህ ያሉትን ሰዎች ይበድላል፤ አላህ ደግሞ በደልን አይወድም።

ወደ አገራችን ስንመለስ

ይህ ጉዳይ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የሙስሊሙ የመብት ጥያቄ በተነሣ ጊዜ የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴው አባላት ታሰሩ። በሐምሌ ወር የ«የሙስሊሞች ጉዳይ» መጽሔት አዘጋጅ ዩሱፍ ጌታቸው ታሰረ፤ በጥር 2005 ዓ.ም. ደግሞ የመጽሔቱ ባልደረባ ሰሎሞን ከበደ ተከተለው። በዚያው ጥር ወር መጨረሻ፣ ጉዳዩ ገና በፍርድ ቤት እየታየ ሳለ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ጂሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘ ፕሮግራም አሰራጨ። ተከሳሾቹ በእስር ላይ ሆነው ሲናገሩ የተቀረጹበት ምስል ለሕዝብ ታየ።

በሰነድ መለኪያ እንመዝነው። ወሬውን ያመጣው ማን ነው? ከሳሹ። ተናጋሪውስ? በከሳሹ እጅ ያለ እስረኛ። በፊቅህ ትምህርት ተገዶ የተናገረ ሰው ኢቅራር ተቀባይነት እንደሌለው የሚታወቅ ነው። ተገደደ አልተገደደም የሚለውን ማጣራት ደግሞ የጋዜጠኛው ሥራ ነበር። ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ሰዎች ሙያውን ያልተማሩ አልነበሩም፤ ነገር ግን ደመወዛቸውም ምስላቸውም ከአንድ ቦታ የሚመጣ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መጨረሻ ተከሳሾቹ ከ7 እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቡበከር አሕመድ ከእስር የወጡት በየካቲት 2010 ዓ.ም. ነው። በአንድ ምሽት ለሚሊዮኖች የታየ ምስል በምን ያህል ምሽት ይታረማል? ጎረቤት ጎረቤቱን በጥርጣሬ ያየባቸው ቀናትስ በምን ይካሳሉ?

ያው ሚዛን ለራሳችን

ቁርኣን በሱረቱን ኒሳእ 135ኛው አንቀጽ በራሳችንም ላይ ቢሆን ለፍትሕ እንድንቆም ያዘናል። ስለዚህ የምንወዳቸውን ጣቢያዎችም በዚሁ መለኪያ እንመዝን። አልጀዚራ በ1996 የተቋቋመው በቀጠር መንግሥት ገንዘብ ነው፤ አልዐረቢያ በ2003 የተከፈተው በሳዑዲ ባለሀብቶች ነው። በ2017 ሁለቱ መንግሥታት ሲጣሉ አንዱ የሌላውን ገመና ሲዘረዝር ስለ ቤቱ ዝም ማለቱን በዐይናችን አይተናል። የባለቤቱ ሙስሊም መሆን ዜናውን ሶሒሕ አያደርገውም።

በስልካችን የምንለዋወጠውስ? «ለሙስሊም የቆመ» የሚል ስም ስላለው ብቻ ምንጩ የማይታወቅ ምስል ከአንዱ አገር ጦርነት ተነሥቶ በሌላው አገር ስም ይሰራጫል። ስናስተላልፈው ለወንድሞቻችን የረዳን ይመስለናል። ሐሰቱ ሲጋለጥ ግን እውነተኛው በደልም አብሮ ይጠረጠራል፤ የተበደለው ሰው ለሁለተኛ ጊዜ ተበደለ ማለት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ሁሉ ማውራት ሰውን ውሸታም ለመባል እንደሚያበቃው ማስተማራቸውን አንርሳ።

አንባቢው ምን ያድርግ?

አንድ ዜና ሲደርሰን፣ ያስደስተንም ያናድደንም፣ የሚከተሉትን እንጠይቅ።

1. ምንጩ ስም አለው ወይስ ሙብሀም ነው? ስሙ የተደበቀበትስ ምክንያት ተነግሯል?
2. ብዙ ጣቢያዎች ቢያወሩትም የመጀመሪያው ተናጋሪ አንድ ሰው ይሆን? አሥር ጋዜጦች ከአንድ የዜና ወኪል ቢተረጉሙ አሥር ምስክር አይባልም።
3. ተናጋሪው ከወሬው ምን ያተርፋል?
4. የተከሰሰው ወገን ተጠይቋል? መልሱስ የትኛው ገጽ ላይ ተቀመጠ?
5. በ«አክራሪ»ና በ«ጽንፈኛ» ቃል ምትክ ሰውየው ያደረገውን ብቻ ብንጽፍ ከዜናው ምን ይቀራል?

የመጨረሻው ነጥብ ኪሳችንን ይመለከታል። ነፃ ጋዜጠኛ የሚኖረው ኑሮውን የሚሸፍንለት አንባቢ ሲኖረው ነው። ወረቀት፣ ማተሚያ ቤትና የሪፖርተር ደመወዝ ገንዘብ ይፈልጋሉ። አንባቢው ጋዜጣውን ተውሶ እያነበበ ካለፈ ወጪውን የሚሸፍነው ሌላ ሰው ይሆናል፤ ያ ሰው ደግሞ የሚከፍለው በነፃ አይደለም። ከሙስሊሙ ኅብረተሰብ ልጆቹን ለጋዜጠኝነት ሙያ የሚያስተምር፣ ካስተማረም በኋላ የማይወደውን እውነት ሲጽፉ የሚታገሣቸው ምን ያህል ነው? የራሳችንን ጋዜጠኛ አጨብጫቢ እንዲሆን እየጠበቅን የሌላውን አጨብጫቢነት መኮነን አያምርብንም።

በኑ ሙስጠሊቅን ከጦር ያተረፋቸው ወሬው መጣራቱ ነው። ኢራቃውያን ያንን አላገኙም። ነገ በእጃችን የሚገባው ወሬ የማንን ቤት እንደሚነካ አናውቅምና እጃችንን ከማዘርጋታችን በፊት ለነጋሪው ማን እንደነገረው እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) እውነቱን እውነት አድርጎ አሳይቶን የምንከተለው፣ ሐሰቱን ሐሰት አድርጎ አሳይቶን የምንርቀው ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።